ስለ ቤተሰብና ሕመም ፈቃድ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቅርቡ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ልጁ ወይም እናቱ የታመመችበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ ፈቃድ ያግኝ። ሐሳቡን የጠላ አንድም ሰው አልነበረም። ግን ሦስት ሰዓት ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተበተንን። ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነው ጥፋታችን የገባኝ።

«ከተማችን የራሷን ሕግ ታውጣ!» አለ አንድ ወጣት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ነገሩ ግን አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ክልሉ ሊደነግግ የሚችለው ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ቅርቡ በር የኅብረት ስምምነት ነው። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ ሕጉ ካስቀመጠው የተሻለ ማግኘት ይችላል። በር ተሳስተን ስናንኳኳ አንድ ሰዓት ሄደ።

ሌላው ስህተት በእጃችን ያለውን ሳናውቅ መጠየቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነክፍያው ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። (3 ቀን! የአራስ ጥሪ ገንፎ እንኳን ተበልቶ አያልቅም።) ሠራተኛው ራሱ ሲታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው። ሌላ ሰው ለማስታመም የተለየ የሚከፈልበት ፈቃድ የለም። ለከባድ አጋጣሚ እስከ 5 ቀን ይፈቀዳል፣ እሱም ያለ ክፍያ። ክርክሩ እዚህ ላይ ነበር መጀመር የነበረበት።

ከሁሉ የባሰው ግን «ማን ይክፈል?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ነውር ማየት ነው። አንዱ ሲያነሳው «አንተ የአሠሪው ሰው ነህ እንዴ?» ተባለ። ሰውየው ግን ልክ ነበር። ዛሬ የወሊድ ፈቃዱን የሚከፍለው አሠሪው ከራሱ ኪስ ነው። ወጪው ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ አንዳንዱ ሴት ላለመቅጠር ሰበብ ይፈልጋል። «ጡረታው ይክፈለው» ያለም ነበር። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበሰበው የጡረታ መዋጮ ግን ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች እንጂ ለማስታመሚያ አይደለም።

ወሎዬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ቅሬ አለን። በየወሩ ሁሉም ያዋጣል፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት ይሸፈናል። ማንም «የኔ ቤት ሰው አልሞተም፣ ገንዘቤን መልሱ» አይልም። እስቲ በስሌት እንየው። 100 ሠራተኛ አለ፣ የእያንዳንዱ ደመወዝ 6,000 ብር ነው እንበል። 1 በመቶ ማለት 60 ብር ነው። ሲደመር 6,000። በየወሩ አንድ ሰው ሙሉ ደመወዙን ይዞ እናቱን ማስታመም ይችላል ማለት ነው። አሠሪው ያንኑ ያህል ቢጨምርበት ሁለት ሰው። ይህን በስብሰባው ያሰላ አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

«እህቴ አሜሪካ 12 ሳምንት ታገኛለች» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ 1993 የወጣው የፌዴራል ሕጋቸው 12 ሳምንት ይላል። ግን ያለ ክፍያ ነው፣ ትንንሽ ድርጅቶችንም አይነካም። ክፍያ ያለው አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች በራሳቸው ባወጡት ሕግ ነው። ዋሺንግተን ዲሲ ለምሳሌ ከአሠሪዎች መዋጮ ሰብስባ በፈረንጆቹ 2020 መክፈል ጀመረች። እነሱም ቅሬ አቋቋሙ ማለት ነው።

የቤት ሠራተኞችንም ረስተናቸዋል፤ አዋጁ ራሱ አያቅፋቸውም።

የመጨረሻው ስህተት የእኔም ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ሦስቴ እጇን አውጥታ ነበር። ዕድል አልሰጠናትም። ስንወጣ በር ላይ አግኝቻት ምን ልትል እንደነበር ጠየቅኋት። «16 ቀን የዓመት ፈቃዴን እናቴ አልጋ ሥር ጨረስኩት» አለችኝ። «ከዚያ 5 ቀን ያለ ደመወዝ። ከዚያ ማሽኔ ጋ ተመለስኩ። ቀን ቀን ጎረቤት ነው ውኃ የሚያቀብላት።»