ለጭነት ጉዞ የሚሆን አሮጌ የብረት የሳይክል ፍሬም በርካሽ ሲገዙ

በአውሮፓና በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት የድሮ ኮርስ (የእሽቅድምድም) ሳይክሎችን ነው። ሻንጣ ጭኖ ለመጓዝ ግን ከዚያ የሚሻለውና ብዙ ጊዜም የሚረክሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው፣ ሹካው ሞላ የሌለው ማውንቴን ባይክ ነው። ሰፊ ጎማ ይችላል፣ የኋላ ሞዞው (የቸርኬው እምብርት) የሚገባበት ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ 130 ወይም 135 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዛሬም ቸርኬ አይቸግርም።

ሜትር ይዘው ይሂዱ። ከፔዳሉ አክስል መሃል እስከ ኋላ ቸርኬ መሃል ቢያንስ 43 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ካጠረ በየዙሩ ተረከዝዎ ሻንጣውን ይመታል። የኋላ ቸርኬ ከሚታሰርበት በላይ ፖርቶመጋላ የሚታሰርባቸው የ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን ይዩ። በማሰሪያ ቀለበት መተካት ይቻላል፣ ግን ለከባድ ጭነት አይመከርም።

«ሬይኖልድስ 531» ወይም «ታንጌ» የሚል የታወቀ የብረት ቱቦ ስም ያለበት ተለጣፊ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ተራ ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ለጭነት ይበቃል። ከስሙ ይልቅ የፍሬሙ ጤንነት ይቅደም።

የኮርቻውን ቡሎን አላልተው ኮርቻውን ግራና ቀኝ ያዙሩት። የአሉሚኒየም ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ዝጎ ከተጣበቀ ማውጣቱ ከፍሬሙ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ስለሚችል ይተዉት። መሪውንም እንዲሁ ይሞክሩ። ቀጥሎ ከመሪው ቱቦ ወደ ፔዳል የሚወርደውን ቱቦ ከሥሩ፣ ልክ ከመጋጠሚያው ኋላ፣ በጣት ይዳብሱ። ትንሽ እብጠት ወይም በቀለበት መልክ የተሰነጠቀ ቀለም ካገኙ ሳይክሉ ከፊት ተጋጭቷል። መጨረሻ ላይ ክር ከአንዱ የኋላ ቸርኬ ማሰሪያ በመሪው ቱቦ አዙረው ወደ ሌላኛው ይወጥሩና ከኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ይለኩ። ልዩነቱ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፍሬሙ ተጣሟል።

ኮርስ ፍሬም ካልሆነ የሚሉ ከሆነ፣ የኋላ ክፍተቱ 126 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ብረት ስለሆነ ባለሙያ ወደ 130 ሊከፍተው ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን አይሞከርም። ከ1980 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ፔዦ የተባሉ የፈረንሳይ ሳይክሎች የፔዳል ኩሽኔታ ጥርሳቸው የፈረንሳይ ልክ ስለሆነ ዕቃ ማግኘት ያሰለቻል።

ባዶ ፍሬም ከመግዛት የሚሄድ ሙሉ ሳይክል መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ዋጋ ሲከራከሩ ጎማ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራና ኬብል የመቀየሪያውን ወጪ አስቀድመው ይደምሩ።