ወፏን አታሳድዱ፦ በካያክ ወፍ ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ በስተደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ዳይክ ማርሽ የሚባል ረግረግ አለ። በ1959 በሕግ የተከለለ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ በአጠገቡ ስንቴ ነድቶ አልፏል! ውስጡን ያየው ግን ጥቂት ነው። እኔም ለዓመታት በመኪና ሳልፈው ኖሬ ነው አንድ ሰመር ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ) ተከራይቼ የገባሁት። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎቼ ስህተት በስህተት ነበሩ።

ትልቁ ስህተት ወደ ወፉ መቅዘፍ ነው። ሳቢሳ ታያላችሁ፤ ግራጫማ ሰማያዊ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ የሚጠብቅ። ትንሽ ልጠጋ ትላላችሁ። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያያችኋል። ማቆም የነበረባችሁ ያኔ ነው። እናንተ ግን ትቀዝፋላችሁ፤ እሱም በዚያ ሻካራ ድምፁ ተራግሞ ይነሣል። እናንተ ፎቶ አጣችሁ፣ እሱ ምሳውን።

ከሩቅ መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ አሳርፉና ካያኩ በራሱ ይንሳፈፍ። ፊላው ጠርዝ ተጠግታችሁ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። መጀመሪያ ኤሊዎቹ ወደ ግንዳቸው ይመለሳሉ። ቀጥሎ ትከሻቸው ቀይ የሆነ ጥቋቁር ወፎች ፊላው ጫፍ ላይ ወጥተው መጮኽ ይጀምራሉ። አንዴ እንዲህ ተቀምጬ እርግብ የማታክል የሳቢሳ ዘመድ አየሁ። አንዱን እግሯን አንድ አገዳ ላይ፣ ሌላውን ሌላ አገዳ ላይ አድርጋ፣ እግሯን አንፈራጣ ውሃውን ታያለች። እየቀዘፍኩ ቢሆን በጭራሽ አላያትም ነበር።

ጎጆ ሥር መቆም ደግሞ ከስህተትም በላይ ነው። ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ አሞራ ውሃው ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ጎጆ ይሠራል። በሰኔና በሐምሌ ጫጩቶች አሉ፤ እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ ከፀሐይ ታስጠልላቸዋለች። እሷ እያፏጨች ከተነሣች ጫጩቶቹ በዚያ ሙቀት ይጠበሳሉ። ፉጨቱን ከሰማችሁ ዞር በሉ። እዚያው ሥር ቆሞ ሰልፊ የሚነሣ ሰው አይቻለሁ፤ ምን ይባላል?

ሌላው የውሃውን ሰዓት አለማየት ነው። ጣና ወይም ሐዋሳ ዳር ያደገ ሰው ይህን አይጠረጥርም። ሐይቅ ጠዋት የተውከው ቦታ ማታም ታገኘዋለህ። ፖቶማክ ግን እዚህ ድረስ የባሕሩን ውጣ ውረድ ይከተላል፤ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በአንድ ጠባብ ቦይ ገብቼ ወፍ ሳይ ውሃው ከሥሬ ሸሸ። ካያኩ ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። ልግፋው ብዬ ብወርድ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። ተመልሼ ወጥቼ ውሃው እስኪመጣ ከትንኝ ጋር ስታገል ዋልኩ። ሰዓቱ ስልክ ላይ ይገኛል። ግን በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሞልቶ ያያችሁት በዚህኛው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ጎድሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

አርፍዶ መውጣትም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል (በእኛ አቆጣጠር) ውሃ ላይ ካልሆናችሁ ወፉም ጥላ ውስጥ ይገባል፣ እናንተም ትቃጠላላችሁ። የዋሽንግተን ሰመር ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይወዳል፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ወደ ዳር ነው።

ላይፍ ጃኬት ልበሱት፤ ከኋላ አስራችሁት አትሂዱ። ወሬ ቀንሱ፣ ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ስልካችሁን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጋችሁ ካያኩ ላይ እሰሩት። የኔ አንዱ ስልክ አሁንም እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው።