የፔሌት ምድጃ ስናጸዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የፔሌት ምድጃ ማገዶ ማግደን የምንቀመጥበት ምድጃ አይደለም። የሚነደው ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራ ፔሌት ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጠመዝማዛ ብረት ፔሌቱ ከሚሞላበት ቋት እያወጣ ጥቂት በጥቂት እሳቱ ላይ ይጥለዋል፣ ፋን ደግሞ አየር ይስብለታል፣ ጭሱንም ያስወጣል። አየሩ መንገድ ካጣ ምድጃው ይታመማል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ይመጣሉ።

የበሩን መስተዋት ወልውሎ "ጨረስኩ" ማለት

ይህን እኔም ለረጅም ጊዜ ሠርቼዋለሁ። መስተዋቱ ጥርት ሲል ምድጃው የጸዳ ይመስላል። ዋናው ቦታ ግን ፔሌቱ የሚነድበት ትንሹ የብረት ጎድጓዳ ነው። ታቹ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ እሳቱ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። አመዱ በሙቀት ቀልጦ ሲረጋ እንደ ጠጠር ይሆንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። "እሳት አመድ ወለደ" ይባል የለ? እዚህ ቤት ልጁ አባቱን ያንቃል።

ምድጃውን በየቀኑ የምታነዱ ከሆነ ጎድጓዳውን በየቀኑ እዩት። ሲቀዘቅዝ አውጡት፣ ፋቁት፣ ወደ ብርሃን አንሱና በቀዳዳዎቹ አሻግራችሁ ተመልከቱ። የተደፈነውን በሽቦ ክፈቱት። ስትመልሱት ቦታው ላይ በደንብ ይቀመጥ። ከተንጋደደ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ መለኮሻውም እሳት ማስያዝ ያቅተዋል።

ነበልባሉም ይናገራል። አጭር፣ ደማቅና ንቁ ከሆነ ደህና ነው። ረዝሞ፣ ቀልቶ፣ ጫፉ እየጠቆረ ከተወዛወዘ አየር አንሶታል ማለት ነው። መስተዋቱ ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነም ከመፈግፈግ በፊት "ለምን ጠቆረ?" በሉ። ለመወልወሉ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ መስተዋቱ ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ወረቀት የላመ አመድ ነክቶ ማሸት ይበቃል። በትኩሱ ግን ውሃ እንዳታስነኩት።

አመዱን በቤት ቫኪዩም ክሊነር መሳብ

ከላይ የበረደ የሚመስለው አመድ ከሥሩ ረመጥ ሊሆን ይችላል። ፍም አመድ ለብሶ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ቫኪዩሙ አየር ሲስብ ያንን ፍም ያራግበዋል፤ እሳቱ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይነሳል። ባይነሳ እንኳ ደቃቁ አመድ በተራ ማጣሪያ አልፎ ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ለአመድ ተብሎ የተሠራ ቫኪዩም አለ። እሱም ቢሆን ለቀዘቀዘ አመድ ነው።

የወጣውን አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጋችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ እሳት የማይዘው ወለል ላይ አስቀምጡት። እኔ አንድ ጊዜ "ትናንት የጠፋ ነው" ብዬ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። ጠዋት ሳነሳው ባልዲው ታች የለውም።

ቶሎ እንዲጠፋ ሶኬቱን መንቀል

ይሄኛው ቀልድ የለውም። ሶኬቱ ሲነቀል ጭስ የሚያስወጣው ፋን ይቆማል፣ ፔሌቱ ግን መንደዱን አያቆምም። ጭሱና ሽታ የሌለው ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ሊመለሱ ይችላሉ። በማጥፊያው አጥፉ፣ ፋኑ ራሱ እስኪቆም ጠብቁ፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ። ሶኬቱን የምትነቅሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ እጃችሁን ወደ ውስጥ ከመስደዳችሁ በፊት ደግሞ የግድ ንቀሉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ከሌላችሁ ከማንኛውም ብሩሽ በፊት እሱን ግዙ።

ዓይን የማያየውን መርሳት

እንደ ዱቄት የላመ አመድ ከእሳቱ ጀርባ ባሉት መተላለፊያዎች፣ በጭስ ፋኑ ክንፎችና በጭስ ማውጫው ክርን ላይ ይከማቻል። ጭስ ማውጫው ቢያንስ በዓመት አንዴ ይጠረግ። ፋኑን መፍታት ካልለመዳችሁ ለባለሙያ ተዉት፤ ማሸጊያው ተቀዶ ጭስ ከሚያሾልክ ይሻላል።

ቋቱ ላይ ሁልጊዜ መጨመር

ከላይ ስትሞሉ ብናኙ ከታች ይጠራቀማል፣ ጠመዝማዛውንም ይይዘዋል። አልፎ አልፎ ቋቱ ባዶ እስኪሆን ተዉትና ብናኙን አውጡ። ከረጢቱን ደግሞ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ። ፔሌት እርጥበት ሲነካው ያብጥና ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል፤ ያ ጠመዝማዛው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ማውጣቱ ፍዳ ነው።

የበሩን ማሸጊያ አለመፈተሽ

ምድጃው በቀዘቀዘበት በሩን ወረቀት አስነክሳችሁ ዝጉና ሳቡ። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ማሸጊያው አልቋል።

ብርዱ ሲያልፍ እንዳለ መተው

የተረሳ አመድ እርጥበት ይስብና ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ትልቁ ጽዳት የሚሠራው ብርዱ ሲያበቃ እንጂ ተመልሶ ሲመጣ አይደለም። ሲመጣ የሚቀራችሁ ጭስ ማውጫውን ከውጭ ማየት ነው። እናንተ በሌላችሁበት ወፍ ቤቷን ሠርታበት ይሆናል።