ከባድ ሰው ሲጭን ኋላው የሚመታ ክሩዘር ሞተር

ምልክቱ፦ 120 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ሲነዳው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ኋላው «ጓ» ይላል፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ከውስጥ ልጦታል። ሾክ አብዞርበሩ ይቀየር ተባለ። ዘይት ስላላፈሰሰና ተጭኖ ሲለቀቅ ሳይዘል ስለሚመለስ ግን ደህና ነው። ክሩዘር መቀመጫው ዝቅ እንዲል የኋላ ሾኩ የመውረጃ ቦታው አጭር ነው፤ ሞላውም በላላ ደረጃ ላይ ነበር።

ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከፐርኖው (የኋላ ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) እስከ መቀመጫው ሥር ተለካ፤ ሰውየው ተቀምጦ እንደገና ተለካ። ልዩነቱ 48 ሚሊሜትር። ከኋላ ጎማው ጠቅላላ ጉዞ ሲሶው ያህል ቢወርድ ይበቃል፤ 48 ግን በዛ። ሾኩ ላይ ሞላውን የሚጫነው ቀለበት በመንጠቆ ቁልፍ ከ1ኛ ወደ 4ኛ ጥርስ ሲዞር ልዩነቱ 31 ሆነ። ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን፤ አለዚያ ኋላው ይጣመማል። ከዚያ የጎማው አየር በሞተሩ ላይ በተለጠፈው የጭነት ቁጥር ይሞላል፤ የካቴናው መላላትም ይታያል።

ቀለበቱ ሞላውን አያጠነክረውም፣ የሞተሩን ኋላ ከፍ ብቻ ያደርገዋል። መጨረሻው ጥርስ ላይም ከመታ ጠንከር ያለ ሞላ ይገዛ። ገና የሚገዛ ሰው ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት የሞተሩን ክብደት ይቀንስ፤ ለነጂ፣ ለተሳፋሪና ለዕቃ የሚተርፈው ያ ነው።