ሻርፑ ለምን ሰፋ? ለምንስ ተበሳ? የጀማሪ ሹራብ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለመጀመሪያ የሹራብ ሥራ ከሻርፕ የተሻለ ነገር የለም። እጅጌ የለው፣ ኮሌታ የለው፤ ልኩ ትንሽ ቢዛነፍም ማሞቁን አይተውም። ሆኖም ብዙ ጀማሪ አንድ ስንዝር ያህል ከሠራ በኋላ ሲበላሽበት “እጄ አልተፈታም” ይልና ከነመርፌው ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የሹራብ ብልሽት እንዲሁ ከሜዳ አይመጣም። ምልክት አለው፤ ምልክቱን ያየ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል።

ምሳሌ የማደርገው ፍሬ ፍሬ የሚለውን ጥለት ነው፤ ቪዲዮዎች ላይ ሲድ ስቲች ይሉታል። ወፈር ይላል፣ ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ጠርዙ አይጠቀለልም። ለደብረ ብርሃን ውርጭም ለአሜሪካዋ ሚኒሶታ በረዶም ይሆናል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር 200 ግራም ያህልና የ5 ወይም የ5.5 ሚሊሜትር መርፌ ያዙ። በ35 ዓይን ጀምሩ። አንድ ቀጥታ፣ አንድ ግልብጥ እያላችሁ ሄዳችሁ በቀጥታ ጨርሱ። ቀጣዩም መስመር እንደዚያው፣ ሁሉም እንደዚያው። ወርዱ ወደ 20 ሳንቲሜትር ይመጣል። ቁመቱን 160 ላይ ብታቆሙት አንገት ላይ ዞሮ ደረት ይሸፍናል።

ዓይን የምለው መርፌው ላይ የተሰቀለችውን እያንዳንዷን ቀለበት ነው። ቀጥታ ማለት ክሩ ከሥራው ጀርባ ሆኖ የሚሠራው ነው፣ ኒት የሚሉት። ግልብጥ ደግሞ ክሩ ወደ ፊት፣ ወደ እናንተ መጥቶ የሚሠራው፣ ፐርል የሚሉት።

ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ሆነ

35 የነበረው ዓይን ሲቆጠር 39 ሆኗል። ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ነው።

አንደኛው ጠርዙ ነው። መስመር ጨርሳችሁ ሥራውን ስታዞሩት ክሩ በመርፌው አናት ላይ አልፎ ወደ ጀርባ ከተሳበ፣ የመጀመሪያዋ ዓይን ወደ ላይ ትጎተታለች። ሁለት እግሯ መርፌው ላይ ይወጣና ሁለት ዓይን ትመስላለች። ሁለቱንም ከሠራችኋቸው አንድ ጨመራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ መስመር ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን በፊት በኩል ወደ ታች ሳብ አድርጉት። ዓይኗ ቦታዋ ትገባለች። ከዚያ ክሩን በመርፌው ሥር አሳልፋችሁ ወደ ጀርባ ውሰዱት።

ሁለተኛው መሃል ላይ ነው፤ ፍሬ ፍሬ የሚሠራ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከቀጥታ ወደ ግልብጥ ስትሻገሩ ክሩ ወደ ፊት መምጣት ያለበት በሁለቱ መርፌዎች ጫፍ መካከል ነው። በቀኝ እጅ መርፌ ላይ ዞሮ ከመጣ እዚያው ትርፍ ቀለበት ይተዋል። በዚህ ጥለት ክሩ በየዓይኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ የመሳሳቻው ዕድል ብዙ ነው። በቀጣዩ መስመር ስትደርሱበት ካወቃችሁት ቀላል ነው፤ ያቺን ትርፍ ቀለበት ሳትሠሯት ከመርፌው ጣሏት። ላላ ያለው ክር ወደ ጎረቤቶቹ ይከፋፈላል። ዘግይታችሁ ካወቃችሁ ግን ሁለት ምርጫ አለ፦ እስከዚያ መፍታት፣ ወይም ሁለት ዓይን አንድ ላይ ሠርቶ ቁጥሩን መመለስ። ሁለተኛው መንገድ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። እኔ ጥቂት መስመር ብቻ ከሆነ እፈታለሁ፤ ብዙ ከሄደ አልነካውም።

መጥበብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወይ ሁለት ዓይን አብራችሁ ሠርታችኋል፣ ወይ አንዷ ወድቃለች። ጀማሪ እስካላችሁ ድረስ በየአራትና አምስት መስመሩ ቁጠሩ።

ፍሬው ጠፋ፣ ቁም መስመር ሆነ

ምክንያቱ አንድ ነው፦ በቀጥታ ላይ ቀጥታ፣ በግልብጥ ላይ ግልብጥ እየሠራችሁ ነው። የዓይኑ ቁጥር ጎዶሎ መሆኑ ቀርቶ ተጋማሽ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ 34 ወይም 36። ወይም ስልክ አነሳችሁና ስትመለሱ የት እንደነበራችሁ ጠፋችሁ።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ጀማሪ መቁጠርን ብቻ የሚያምነው። ቁጥር ይጠፋል፤ ሥራው ግን ሁሉንም ነገር ይናገራል። በግራ እጃችሁ ያለውን መርፌ ወደ ብርሃን አቅርቡና ቀጥሎ የምትሠራውን ዓይን ሥሯን እዩ። ወይ አግድም የተቀመጠች ትንሽ ጉብታ አለች፣ ወይ ለስላሳ የቪ ቅርጽ። ጉብታ ካያችሁ ቀጥታ ሥሩ። ቪ ካያችሁ ግልብጥ ሥሩ። በቃ። ይህን ማየት የለመደ ሰው ወሬ እያወራም አይሳሳትም። ሥራውን ለሁለት ሳምንት ጥሎት ቢመለስ እንኳ ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትለማመዱ ይህን ተለማመዱ።

የተበላሸውን ለመመለስ መርፌውን መንቀል አያስፈልግም። በቀኝ መርፌ ላይ ካለችው ዓይን ሥር ባለችው ቀለበት ውስጥ የግራውን መርፌ ከፊት አስገቡ፣ የላይኛዋን ልቀቋት፣ ክሩን ሳብ አድርጉ። አንድ በአንድ እንዲህ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ቀስ ይላል፣ ግን ምንም አይወድቅም።

መሃሉ ላይ መሰላል ተከፈተ

አንዲት ዓይን ከመርፌው ወድቃ ወደ ታች ተተርትራለች። አግድም የቀሩት ክሮች የመሰላሉ ደረጃዎች ናቸው። መጀመሪያ ሥራውን አትጎትቱት፣ በጎተታችሁት ቁጥር ይወርዳል። የወደቀችውን ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ያዟት፤ ከሌለ የፀጉር ማስያዣ ሽቦም ይሆናል። ከዚያ ኪሮሽ አምጡ። ቀለበቷ ውስጥ ኪሮሹን ከፊት አስገብታችሁ ከኋላዋ ያለውን የመጀመሪያ ደረጃ ጎትታችሁ ወደ ፊት አውጡ። ቪ ትሠራለች። በፍሬ ፍሬ ጥለት ቀጣዩ ጉብታ መሆን ስላለበት ሥራውን ገልብጡትና ከዚያኛው ፊት ያንኑ አድርጉ። እያገላበጣችሁ እስከ መርፌው ትወጣላችሁ።

መሰላል ሳይኖር ቀዳዳ ካያችሁ፣ ወይ ቅድም ያልኩት ትርፍ ቀለበት ነው፣ ወይ መስመር መሃል ላይ አቁማችሁ ስትመለሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቀጥላችኋል። ስታቆሙ መስመሩን ጨርሱ። የግድ ከሆነም ክሩ የተንጠለጠለበት መርፌ ሁልጊዜ ቀኝ እጃችሁ ላይ መሆኑን አስታውሱ።

መርፌው አልገባ አለ

ብዙ ጊዜ ዓይኖቹን የምታጠብቋቸው በመርፌው ሹል ጫፍ ላይ ስለምትሠሯቸው ነው። ጫፉ ቀጭን ነው፤ እዚያ የተሠራች ዓይን ጠባብ ትሆናለች። እያንዳንዷን ወደ ወፍራሙ የመርፌው ክፍል ገፋ አድርጋችሁ አስፍታችሁ ቀጥሉ። ከሠራችሁ በኋላ ክሩን የመሳብ ልማድም ይቅር። የመጀመሪያው መስመር ብቻ ከሆነ የጠበቀው፣ ማስጀመሪያውን በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ መርፌ ሠርታችሁ ወደ ልኩ መርፌ ተመለሱ።

ጠርዙ ይጠቀለላል

ይህ በፍሬ ፍሬ አይደርስም። በአንድ ፊት ሁሉንም ቀጥታ፣ በሌላው ሁሉንም ግልብጥ ስትሠሩ ነው የሚመጣው። የሁለቱ ፊቶች ውጥረት ስለሚለያይ ጨርቁ በራሱ ይጠቀለላል፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም። በካውያ በመተኮስም አይስተካከልም። ከግራም ከቀኝም አራት አራት ዓይን በፍሬ ፍሬ ሥሩ፤ ከታችና ከላይም ጥቂት መስመር።

ጥለቱ አይታይም፣ ወይም ቀለሙ መሃል ላይ ተለወጠ

ፀጉራም ክር ጉብታውን ይሸፍነዋል። ዥንጉርጉር ክርም ዓይንን ያታልላል። ጥቁር ክር ደግሞ ማታ በመብራት ለጀማሪ ፈተና ነው። ለመጀመሪያው ለስላሳ፣ ባለ አንድ ቀለም፣ ፈካ ያለ ክር ምረጡ። ቀለሙ ከመሃል ጀምሮ ደመቅ ወይም ደብዘዝ ካለ ጥቅሎቹ በአንድ ጊዜ የተነከሩ አይደሉም። መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን የማቅለሚያ ቁጥር አመሳስላችሁ ሁሉንም ባንዴ ግዙ።

አዲስ ጥቅል ስትጀምሩ መሃል ላይ አትቋጥሩ። በመስመር መጀመሪያ ቀይሩና ከሁለቱም ወገን 15 ሳንቲሜትር ያህል ትርፍ ተዉ። መጨረሻ ላይ በወፍራም መርፌ በጉብታዎቹ ሥር ይሰገሰጋል።

ከታጠበ በኋላ ተኮማተረ፣ ወይም ተልፈሰፈሰ

የተኮማተረው ሱፍ ነው፣ የተልፈሰፈሰው ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሱፍ ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲነካው እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ከዚያ አይመለስም። አክሪሊክ ደግሞ ካውያ ሲያርፍበት ጉብታው ይሞትና ጨርቁ ሕይወት ያጣል። ይህም አይመለስም። ስለዚህ ከማጠብ በፊት የክሩን ዓይነት እወቁ። ገበያ ላይ መጠቅለያ ሳይኖረው የሚሸጥ ክር ብዙ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ይዛችሁ ከብረት ሳህን በላይ ክብሪት ጫሩበት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል።

ሱፍ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ሳታሹ አውጡት። አትጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ተጭናችሁ አስወጡና ወርዱን በሜትር እየለካችሁ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጉት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይረዝምና ወርዱ ይጠባል።