ጅማ ላይ ለታሪካዊ ቦታ ግራንት ስትጠይቁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ጅማ ላይ ማህበር መስርታችሁ የድሮ ቤት ወይም ቦታ ለማዳን ፈንድ ለመጠየቅ ላሰባችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ብዙ ፕሮፖዛል እንግሊዝኛው ስለደከመ የሚወድቅ ይመስለናል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ የማይመለከታችሁን ፈንድ አታሳድዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ለእኩል መብት ትግል ታሪክ የሚሰጠው ግራንት አለ፣ ስሙ ሲነበብ ለኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው፣ ግን እዛው አሜሪካ ላሉ ቦታዎች ብቻ ነው። ለእኛ የሚቀርበው በኤምባሲ በኩል የሚመጣው የአምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ ነው፣ እሱም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው። እሱንም ቢሆን የዘንድሮ ጥሪ ወጥቷል ወይ ብላችሁ ኤምባሲውን ሳትጠይቁ ገጽ መሙላት አትጀምሩ።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሁላችንም ጉዳይ ነው። ስለ ጅሬን ቤተ መንግስት ስንጽፍ ስለ ንጉሱ ብቻ ነው የምንጽፈው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነገሱ፣ ሰገነቱ እንዲህ ያምራል፣ ዙፋናቸው ከተማ ሙዚየም ነው፣ አለቀ። ያው ዘመን ግን ሂርማታ ገበያ ላይ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ስለ እኩልነት ታሪክ የሚያወራ ፕሮፖዛል ደግሞ መመለስ ያለበት ማን ነው መብቱን የተነጠቀው፣ ዛሬስ ቦታው ላይ ስለነሱ ምን ይነገራል የሚለውን ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ከአያቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች ዛሬም አሉ፣ ሄዳችሁ አናግሩ፣ የሚሉትን በድምጽ ቅረጹ። ግን እባካችሁ የማንንም ቤተሰብ ስም ያለ ፈቃዱ ፕሮፖዛል ላይ አታስገቡ፣ ዘር ቆጥሮ ልጅ አልድርም የሚል ሰው አሁንም አለ፣ ጽሁፋችሁ የሚጎዳው መጀመሪያ የተጎዱትን ልጆች ነው።

ፈቃድ መጨረሻ ላይ መጠየቅም ብዙ ሰው የሚሰራው ስህተት ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሰረት ያለ ቅርስ ባለስልጣኑ ፈቃድ ጥገና አይነካም። ደብዳቤው በአንድ ቀን አይወጣም፣ ዴድላይን ሳይደርስ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጀምሩ።

ከዛ ሲሚንቶ! በጅማ ዝናብ እንጨትና ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ውስጥ ውስጡን እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ላዩ ግን አዲስ ይመስላል። ፕሮፖዛሉን የሚያነበው ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ "በሲሚንቶ ይታደሳል" የሚለውን ሲያይ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። የድሮው ጭቃ በምን እንደተቦካ የሚያውቅ ሽማግሌ አናጢ ወይም ለሳኝ ፈልጉና እሱን የቡድኑ አባል አድርጉት፣ ክፍያውንም ባጀት ውስጥ አስገቡ።

ባጀት ካነሳን አይቀር፣ "ልዩ ልዩ ወጪ" እና "መጠባበቂያ" የሚል መስመር አትክተቱ፣ የአምባሳደሮቹ ፈንድ እሱን አይከፍልም፣ አዲስ ግንባታም፣ የግለሰብ ንብረት የሆነ ቤት ማደስም አይከፍልም። ስንት ሜትር እንጨት፣ ምን አይነት፣ ስንት የአናጢ ቀን ብላችሁ ዘርዝሩ። ፎቶም የተሰነጠቀውን ቦታ ቀረብ ብላችሁ አንሱ፣ ከጎኑ ሜትር አስቀምጡ፣ ቀኑንም ጻፉበት።