መስክ ወጥቶ መመለስ ብቻውን ትምህርት አይሆንም

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመስክ ትምህርት ለምታስተባብሩ፣ በተለይ ለጀማሪ መምህራን ነው የምጽፈው።

ብርዱን አትናቁ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የለመደ ልጅ እንኳ መንዝ ጓሳ፣ ማኅበረሰቡ ወደሚጠብቀው የሣር ተራራ፣ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጃኬት የሌለው ተማሪ ካለ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ይፈለግለት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ያኔ አንድ አውቶቡስ ልጅ ይዞ ሄዶ «ቃለ መጠይቅ እናድርግ» ማለት ነውር ነው። ወይ አብራችሁ እጨዱ፣ ወይ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

የሚያንገበግበኝ ግን ጉዞውን ራሱን ትምህርት አድርጎ መቁጠር ነው። ልጆቹ ጓሳ ይደርሳሉ፣ ጭላዳ ያያሉ፣ ቀይ ቀበሮ ብቅ ካለማ ጩኸቱ አይጣል ነው። ፎቶ ይነሳሉ። ማታ እራት፣ ከዚያ መኝታ። በማግስቱ «ሪፖርት አምጡ» ይባላል። አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ ዶርሙ በሙሉ ይገለብጣል። ሁሉም «ጓሳ በጣም ያምራል» ብሎ ይጨርሳል። ታዲያ ምን ተማሩ?

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ዴቪድ ኮልብ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመማር ዑደት ውስጥ ገጠመኝ ከአራቱ ደረጃዎች አንዱ ብቻ ነው። ያዩትን መለስ ብሎ ማሰብ፣ ከዚያ ሐሳብ ማውጣት፣ ሐሳቡን መሞከር ይቀራል። እኛ ከመጀመሪያው አናልፍም። አዳሪ ትምህርት ቤት እኮ ሌላው የሌለው ማታ አለው! ልጆቹ ወደየቤታቸው አይበተኑም።

አንድ ማታ ከእራት በኋላ ሰብስቤ ጠየቅኋቸው። «የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንም ለገመድም ይፈለጋል። እንዴት እስከ ዛሬ አላለቀም?» ዝም አሉ። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የመንዝ ልጅ አያቷ የነገሯትን አመጣች። ድሮ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ሲፈቀድ በአንድ ላይ ይታጨዳል፤ ቀድሞ ያጨደ ይቀጣል። የታሪክ መምህሩ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት እንዳፈረሰው ሲጨምር ክርክሩ ጦፈ። በሳምንቱ ልጆቹ ለዶርማቸው የውሃ ሮቶ ሕግ አወጡ፦ ማን መቼ እንደሚቀዳ፣ ያጠፋ ምን እንደሚቀጣ። እኔ አላዘዝኳቸውም።

ለወጥ ቤቱ ሳይነግሩ መሄድም አለ። አምሽታችሁ ስትመለሱ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

ደግሞ ሽማግሌዎቹን አስወርቶ መጥፋት ይቅር። ልጆቹ የጻፉትን አስተካክላችሁ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ላኩ።